ዝገቱ ይጠረግ፣ ፊደሉ ይቆይ

አሮጌ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ገዝቶ ስለማጽዳት በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ መጻፍን ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል፤ መብቱ ነው። እኔም ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ፣ ማታ በጠረጴዛዬ ላይ የስንኝ ቀለም የምቆጥር ሰው ነኝ እንጂ ጦረኛም አዳኝም አይደለሁም። ጥይት ተኩሼ አላውቅም፤ ወደፊትም የመተኮስ ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የገዛኋት አንዲት የጣልያን ጠመንጃ ያላሰብሁትን ጥያቄ ይዛብኝ መጣች፦ አሮጌ ነገር ሲጸዳ እስከ የትኛው ዕድሜው ድረስ ነው የሚጸዳው?

መልሴን ቀድሜ ልናገር፤ አንባቢን ማጉላላት አልወድም። ብረቱ ይጽዳ፤ እንጨቱ ግን አይፋቅ። ምክንያቴን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የመሣሪያ መጋዘኖች የወጡ እጅግ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በወሰደ ጊዜ ውስጥ በልዩ ልዩ መንገድ አገራችን የገቡ ናቸው፤ በገንዘብ የተገዛ አለ፣ በስጦታ የመጣ አለ፣ የተማረከ አለ፣ ጠላት ጥሎት የሸሸ አለ። የፈረንሳይ፣ የጣልያን፣ የኦስትሪያ፣ የእንግሊዝ፣ የቤልጅግ ሥራዎች ናቸው። አንዳንዱ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተቀርጾበታል። ብዙው የመጣው ሳይጸዳ፣ ከነአፈሩ ነው፤ ሻጮችም ከነአፈሩ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ሸጡት።

ለቋንቋ ወዳድ ሰው የዚህ ክምችት ዝርዝር ራሱን የቻለ መዝገበ ቃላት ነው። ሰናድር የምንለው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 እስከ መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናይደር ነው። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ «ፉዚ» ማለት ጠመንጃ፣ «ግራ» ደግሞ ያወጣው መኮንን ስም። አባቶቻችን ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ጎርሰው አላመጧቸውና ዛሬ ፈረንሳዊ ቢሰማው የገዛ ቋንቋው መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። ቤልጅግ የተሠራበትን አገር ስም እንደያዘ ቀረ። ምንሽር ደግሞ ከኦስትሪያዊው ከማንሊኸር ስም የወጣ ነው። እኔ የገዛኋትን ጣልያኖች ካርካኖ ይሏታል፤ በቶሪኖ የመሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ በነበረው በሳልቫቶሬ ካርካኖ ስም መጠራቷ ነው። የጥይት ካዝናዋ ግን በማንሊኸር ዘዴ የተሠራ ስለሆነ አሜሪካኖቹ ሁለቱንም ስም ደርበው ይጠሯታል። የምስኪኑ የካርካኖ ስም በፉከራም በቀረርቶም ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። የማንሊኸር ግን ምንሽር ተብሎ ስንቱ አዝማሪ ቤት መትቶበታል! አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ይወደሳል፤ ይህ በባንክም ያለ ነው።

አሜሪካኖች ካርካኖን የሚያውቋት በሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉባት ጠመንጃ የዚሁ ዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በቴርኒ ከተማ የተሠራች፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሯ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ ታዝዛ የመጣች። እንዲህ ያለው የፖስታ ግዢ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው ሕግ ተዘጋ። ስለዚህ የእኔም ጠመንጃ እቤቴ ደጃፍ አልደረሰችም። ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ዘንድ ተላከች፤ እኔ እዚያ ሄጄ ቅጽ 4473 የሚሉትን ሞላሁ፣ ማንነቴ ተጣራ፣ 240 ዶላር ከፍዬ ወሰድሁ። እዚህ በጆርጂያ ግዛት ነገሩ ሁሉ ያለቀው የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ነው። (ይህ ያስደስታል ወይስ ያስደነግጣል የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

አንድ ሜትር የማትሞላ አጭር የፈረሰኛ ጠመንጃ ናት። ታጣፊ ሳንጃዋ ጠፍቶ ማጠፊያው ብቻ ቀርቷል። የሰደፏ አንገት ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠምጥሟል። ጠፍሩ በእርጥቡ ተጠምጥሞ በላይዋ ላይ የደረቀ በመሆኑ ስንጥቁን እንደ ብረት ጨምድዶ ይዞታል፤ የጠገናት ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ማንገቻዋም የፋብሪካ አይደለም፤ ከጥሬ ቆዳ የተቆረጠ ነው። ብረትና እንጨቱ በሚገናኙበት ስንጥቅ ሁሉ አፈር ሞልቷል። ቀይ አፈር ነው። የየት እንደሆነ ለመገመት ሞከርሁና ተውሁት፤ አገራችን ቀይ አፈር ያልሞላበት ቦታ የላትምና።

በርሜሏ ላይ ሁለት ጽሑፎች አሉ። አንደኛው የፋብሪካው ነው፦ የብሬሻ ከተማ ስም፣ ቀጥሎ 1936፣ ከጎኑም በሮማ ቁጥር 14። ይህ 14 ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ማንበብ ነበረብኝ። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር፤ የእነርሱ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው (ምሕረት ከተባለ)። 14ኛው ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1935 መጨረሻ ተጀምሮ እስከ ቀጣዩ ጥቅምት ይዘልቃል። ጦራቸው አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያ ውስጥ ይውላል። እንግዲህ ይህች ጠመንጃ አገራችን በተወረረችበት ዓመት፣ ያንን ዓመት የራሱ ባደረገ አቆጣጠር ታትማ የወጣች ናት። ሁለተኛው ጽሑፍ አዲስ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ አስመጪ ሁሉ ስሙንና ከተማውን በመሣሪያው ላይ እንዲቀርጽ ያስገድዳልና የአስመጪው ድርጅት ስም በቀጫጭን ፊደላት ሰፍሯል። ሦስተኛም ጽሑፍ ነበር፤ እርሱን ያገኘሁት ግን እያጸዳሁ ሳለ ነው።

ማጽዳቱ እንደ ግጥም እርማት ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል ማለቱ ይበቃል። አስቀድሞ ባዶ መሆኗን ማረጋገጥ፤ አንድ ጊዜ አይቶ አለመተማመን፣ ደግሞ ማየት። ከዚያ ጥይት የሚያጎርሰውን ዘንግ ማውጣት። ብሎኖቹ ከዝገት ጋር አንድ አካል ስለሆኑ በኃይል የሚፈታቸው ሰው ራሳቸውን ይቆርጣቸዋል። ዘይት ጠብ አድርጎ ማደር፣ በማግሥቱ ሞክሮ እምቢ ካለ ደግሞ ማደር ነው የሚያዋጣው። የእኔዋ አንደኛዋ ብሎን ዘጠኝ ቀን ፈጅታብኛለች።

ለዝገቱ ሁለት ዘዴ ተጠቀምሁ። ወፍራም ወፍራሙን በሳንቲም ፋቅሁት። ይህን ከሰብሳቢዎች ነው የተማርሁት፤ መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ሲያነሣ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጭርም። ነገር ግን የትኛውም የአሜሪካ አንድ ሳንቲም አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ የተመቱት ውስጣቸው ዚንክ ነው፤ መዳቡ ልባስ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተመቱት ግን ከመቶ 95 እጅ መዳብ ናቸው። የባንክ ሠራተኛነቴ በሕይወቴ ለኪነ ጥበብ የጠቀመኝ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ይመስለኛል፤ የ1970ዎቹን ሳንቲሞች ከጥቅልሉ መርጬ ምትካቸውን ከኪሴ ከፈልሁ።

ሁለተኛው ዘዴ መቀቀል ነው። አዎን፣ መቀቀል። ብረቱን ከእንጨቱ ለይቶ፣ ዘይቱን አጥቦ፣ በተጣራ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማፍላት። ቀዩ ዝገት በፈላው ውኃ ውስጥ ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። ሲወጣ እንደ ከፋይ ጥቁር ለብሶ ይወጣል። የላላውን በቀጭን የሽቦ ጥጥ ሲጠርጉት ሥር የያዘው ይቀራል፤ ዘይት ሲቀቡት ብረቱን ከአዲስ ዝገት ይጠብቀዋል። ብረቱን ይበላው የነበረው ነገር ለብረቱ ልብስ ይሆነዋል ማለት ነው። ይህን ሳይ ግጥም ልጽፍበት ከጅሎኝ ነበር፤ ደግነቱ ብሎኖቹ ጊዜ አልሰጡኝም።

እንጨቱን ግን በሳሙናና በሞቀ ውኃ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ቀስ እያልሁ ጠረግሁ። እድፉ ከሰደፉ ቀኝ ጎን ሲለቅ በቢላ የተቆረጠ ፊደል ብቅ አለ፦ «የ»። ክብ መሆን የነበረበት አካሏ ማዕዘን አውጥቷል፤ ጠንካራ እንጨት ላይ በቢላ ክብ መቁረጥ አስቸጋሪ ነውና። ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ስም ግን ተፍቋል። ሆን ተብሎ የተፋቀ አይደለም፤ እጅና ትከሻ፣ ላብና ዝናብ፣ ዓመታትም ጠርገውታል። የቀረችው የባለቤትነት ምልክቷ ብቻ ናት። የእገሌ ነው ብሎ የጀመረው ዐረፍተ ነገር እገሌን አጥቶ «የ» ላይ ቆሟል። በእኛ ሙያ ከግማሽ በላይ አካሏ የተገኘ የተቀዳደደች የአሜሪካ ኖት ሙሉ ዋጋዋ ይከፈላታል። ከአንድ ስም ግን አንድ ፊደል፣ ያውም ከስሙ ውጭ የሆነ ፊደል ሲቀር ምን ይከፈላል?

ጠመንጃዪቱን ያስረከቡኝ ነጋዴ ደግ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው ሥራ የሚወድ። እድገቷን እንዲያዩ ብዬ ወሰድሁላቸው። ብረቱን አይተው አመሰገኑኝ። እንጨቱን አገላበጡና፣ «ልጄ፣ ይህንን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ሰዓት ብትሠራው ድራሹ ይጠፋል። ጠፍሩንም ቆርጠህ ጣልና ስንጥቁን በማጣበቂያ እናስይዘው። ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ትሆንልሃለች» አሉኝ።

ጭረት አይደለም፣ ፊደል ነው አልኋቸው። ተጠጉና አዩት። «ምን ይላል?» አሉ። እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? በእንግሊዝኛ ለብቻው የማይቆም ነገር ሆነብኝ። «የሆነ ሰው ንብረት ነው ይላል» ብዬ ተገላገልሁ።

እርሳቸው በቅንነት የተናገሩት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን! የማን ቀን ነው ያ ቀን? ይህችን ጠመንጃ ወደ ተወለደችበት ዕለት ብንመልሳት የምናገኘው 14ኛውን የፋሺስት ዓመት ነው፤ አብረቅራቂ፣ አንድም ጭረት የሌላት፣ ለወረራ የተዘጋጀች የጣልያን ፈረሰኛ ጠመንጃ። ጠፍሩ፣ ጥሬ ቆዳው፣ «የ» የምትለዋ ፊደል ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ሰብሳቢው ጉዳት ብሎ የሚዘረዝረው ሁሉ ጠመንጃዪቱ ከጣልያን እጅ ወጥታ በእኛ እጅ የኖረችበት ዘመን ነው። የተሠራችበት ዓመት በብረት ማኅተም ስለተመታ ማንም አይፋቀውም። የእኛው በቢላ ጫፍ፣ በእንጨት ላይ ስለተጻፈ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

እርግጥ ነው፣ የጠነከሩ ሰብሳቢዎችም እንጨት መፋቅን አይወዱም። የተፋቀ ሰደፍ ዋጋ ያወርዳል ይላሉ፤ ልክ የሳንቲም ሰብሳቢዎች የተወለወለ ሳንቲም እንደማይወዱት። ከእነርሱ ጋር በድርጊቱ እስማማለሁ፤ በምክንያቱ ግን አልጠግብም። ዋጋ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ነገ የተፋቀው ተወዳጅ ቢሆን ፊደሉ ይፋቅ ልንል ነው?

ከወገኖቼ በኩልም የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ፤ ይኸኛው ሳይብስ አይቀርም። አንድ ወዳጄ ፎቶግራፏን አይቶ ወዲያውኑ «የአርበኛ ጠመንጃ ናት!» አለኝ። ልቡ እንደዚያ እንድትሆን ፈልጓል፤ የእኔም ፈልጎ ነበር። ሊሆን ይችላል፤ ከጣልያን ወታደር የተማረከ መሣሪያ መልሶ ጣልያንን መውጋቱ በአምስቱ ዓመት የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። የጣልያን ጦር የመጨረሻው ክፍል በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ብዙ መሣሪያ ተረክቧል፤ ከዚያ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ከዚያም በኋላ የፖሊስ፣ የባላገር፣ የመስክ ጠባቂ፣ የቀበሌ ዘብ እጅ ላይ ልትውል ትችላለች። አፈሙዟ ወደ ማን እንደዞረ «የ» አትነግረኝም። ወደ ወራሪ ብቻ ነው የዞረው ብዬ ብጽፍ፣ ፊደሉን በብርጭቆ ወረቀት ከሚፍቀው ሰው ምን እለያለሁ? እርሱ ያለውን ያጠፋል፣ እኔ የሌለውን እጨምራለሁ። በሰደፏ ላይ ከ«የ» ሌላ አራት አጫጭር ጭረቶችም አሉ። ወዳጄ «ገዳይ የቆጠረባቸው ናቸው» ይላል። እኔ ጭረቶች ናቸው እላለሁ።

ቁጭቴን ግን አልደብቅም። እነዚህ ጠመንጃዎች በመርከብ ከመጫናቸው በፊት አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ካሜራና አንድ መዝገብ በመጋዘኑ በር ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። የተከታታይ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ከተማና ዓመት፣ በሰደፉ ላይ ያለውን ስም፣ መስቀል፣ ጌጥ፣ ጠፍር። ብረቱ ይሸጥ፤ መንግሥት አሮጌ ብረት መሸጡ ነውር የለበትም፤ ዘላለም በመጋዘን ይዛግ የሚል ክርክርም አልከራከርም። ጽሑፉ ግን ሳይነበብ መሸጥ አልነበረበትም። እኛ የብራና መጻሕፍት ወደ ውጭ ወጡ ብለን እናለቅሳለን፤ ደግም እናደርጋለን። ብራና ላይ የጻፈው ግን ደብተራው ነው። ሰደፍ ላይ ስሙን በቢላ የቆረጠው ሰው ምናልባት በሕይወቱ ሌላ ምንም አልጻፈ ይሆናል። አንድ ቃል ጻፈ፤ ያውም የገዛ ስሙን።

ስለዚህ በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዷን በወዳጅ ቤት ወይም በነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ብታገኙ ሰደፏን አዙራችሁ እዩ። መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ መውደድም አያስፈልጋችሁም። ፊደል ካለበት በጎን ብርሃን አድርጋችሁ ፎቶግራፍ አንሡት። በጎን የሚመጣ ብርሃን ከፊት ለፊት ብርሃን ይልቅ የተቀረጸን ነገር ያወጣዋል። ቁጥሯንም ጻፉ። ለባለቤቱም ምን እንደሚል ንገሩት፤ ብዙዎቹ ምን እንደያዙ ቢያውቁ ብርጭቆ ወረቀቱን የሚያስቀምጡ ይመስለኛል። የእኔው ነጋዴ አስቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት ደውለው፣ ሌላ አንዲት እንደመጣችላቸውና «እንደዚያ ያለ ምልክት» እንዳለባት ነገሩኝ፤ ቅዳሜ ሄጄ አያታለሁ።

የእኔዋን እንጨት በመጨረሻ የተልባ ዘይት አጠጣሁት። የአውሮፓ ፋብሪካዎችም ሰደፍን በዚሁ ዘይት ያሹት ነበር፤ እኛ ግን ተልባን ለጾም የምናውቀው ነንና ወጥ ቤቴ ለሁለት ቀን ሁዳዴ ሁዳዴ ሸተተ። ጠፍሩን ዘይት እንዳይነካው በጨርቅ ጠቀለልሁት። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ሲገባ ቀለሙ ጠለቀ፤ ከ«የ» ቀጥሎ ካለው የተፋቀ ቦታም ቀድሞ ያላየኋቸው ሁለት ትንንሽ እግሮች ወጡ። የላይኛው አካል የለም። ሁለት እግር ያለው ፊደል ነው፦ በ ሊሆን ይችላል፣ ሰ ሊሆን ይችላል፣ ከ ወይም አ ሊሆን ይችላል። ወረቀት አስቀምጬ በእርሳስ ልስልስ አድርጌ አነሣሁት፤ ወረቀቱ አሁን ከፊቴ ነው። እኔ ወደ በ አደላለሁ። ባለቤቴ ግን ከ ነው ትላለች፤ የቀኙ እግር ትንሽ ያጠረ ይመስላታል።